የዚያ በጋ ብርድ

ደብረ ታቦር
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለእፀገነት፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ባለፈው ስትደውዪ ፀሐይ ካየን ሦስት ሳምንት ሆነን ብለሽኝ ነበር። አሁንስ ብቅ ማለት ጀመረች? ፊንላንድን በካርታ ላይ ባየሁት ቁጥር ከላይ ጫፍ ላይ መሆኑ ይገርመኛል። የፀሐይን ነገር ለማጥናት ፀሐይ የማይወጣበት አገር መሄድሽን ለሰው ስነግር ይስቃል።

እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አክስትሽ ላቀች ዓይኗን ተሠርታ አሁን የዳዊቷን ፊደል ያለ መነጽር ትለያለች። የግቢያችን ኮክ አብቧል። አንድ ሁለት ቀን ደመና ጣል ቢያደርግም ዝናብ የለም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ አብሮ አደግሽ ኤርምያስ ነው። ለጂኦግራፊ መምህራን ስብሰባ ወደዚያ እንደሚመጣ ሲነግረኝ ደብዳቤውንም አንድ የብስኩት ቆርቆሮም ላክሁበት። ቆርቆሮውን ደብዳቤውን አንብበሽ ሳትጨርሺ አትክፈቺው። የምጽፍልሽን ነገር በስልክ ልነግርሽ አራት ጊዜ ሞክሬአለሁ። አራቱንም ጊዜ ስለ ላቀች ዓይን አውርቼ ዘጋሁት።

በኅዳር መጨረሻ፣ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ የደወልሽልኝን ታስታውሻለሽ። ገና “ሃሎ” ሳትይ የምሥራች እንዳለሽ ከትንፋሽሽ አወቅሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ ስታስተምሪኝ ስለኖርሽ ነገሩ ለእኔም እንግዳ አልነበረም። የፀሐይ ፊት ላይ ጥቁር ነጠብጣብ እንዳለ፣ በየአሥራ አንድ ዓመቱ ገደማ በዝቶ መልሶ እንደሚጠፋ፣ ነጠብጣቡ ሲበዛ ፀሐይ እንደምትበረታ፣ ሲጠፋም እንደምትደክም ነግረሽኛል። እኔ ተቃራኒው ይመስለኝ ነበር። ልዩነቱ ከሺህ እጅ አንድ እጅ ብቻ ነው ስትይኝ፣ “ታዲያ ይህች ምን ታመጣለች?” ብዬሽ ነበር። “ጥያቄው እሱ ነው አባባ” አልሽኝ። “ዓለምን ሁሉ አንድ ላይ ካየነው የዲግሪ አንድ አሥረኛ ያህል ነው። እንደ እናንተ ባለ ደጋ፣ ደመና በሌለበት በበጋ ሌሊት ግን ከዚያ በልጦ ይታይ እንደሆነ ማንም በደንብ አላየውም።” ለማየት ስትነሺ ደግሞ የሠላሳ ዓመት የሙቀት መዝገብ ከየአየር ጠባይ ጣቢያው ሰበሰብሽ። ከሁሉም አስበልጠሽ የያዝሽው ጉና ተራራ እግር ሥር ያለችውን፣ ቴርሞሜትር የማነብባትን የእኔን ትንሽ ጣቢያ ነበር።

ያን እሑድ የነገርሽኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

“አባየ፣ በ2001 ዓ.ም. ፀሐይ ጸጥ ብላ ነበር። መቶ ዓመት ያህል እንደዚያ ደክማ አታውቅም፤ ስንት ቀን ሙሉ አንድ ነጠብጣብ አልታየባትም። በዚያው በጋ አንተ ጣቢያ ላይ ሌሊቱ ከሌላው ዓመት በሦስት ዲግሪ ይቀዘቅዛል! አየኸው? የያዝከው አንተ ነህ እኮ!”

አንተ አልሽኝ።

ልጄ፣ እናትሽ የሺሃረግ ከተቀበረች ጀምሮ አንተ ብለሽኝ አታውቂም። ከቀብር በተመለስን በሦስተኛው ቀን ምሳ ስታቀርቢልኝ “ይብሉ እንጂ አባባ” አልሽኝ። ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ “እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ አንድ ጊዜ አደገች” አለ። እኔ ግን ገብቶኝ ነበር። አክብረሽኝ እንዳልሆነ፣ እንደ ሩቅ ሰው ልታዪኝ እንደወሰንሽ ነበር የገባኝ። አሥራ ስድስት ዓመት እርስዎ ስትዪኝ ኖርሽ። እንግዲህ በዚያ ቀን በደስታሽ መሀል አንተ የሚለው ቃል አመለጠሽ፤ እንዳመለጠሽም አላወቅሽም።

ቀጥለሽ ፕሮፌሰርሽ እንዳላመነችሽ ነገርሽኝ። የባሕር ዳርም የእብናትም የሌሎቹም ጣቢያዎች መዝገብ ያን ብርድ አያውቀውም። “አንድ ጣቢያ ብቻውን እንዲህ ካለ የታመመው ጣቢያው ነው፣ ከጥናትሽ አውጪው” አለችሽ። አንቺ ግን እምቢ አልሽ።

“ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? አባቴ እናቴ ስትሞት እንኳ ከመሣሪያው ሥር ያልተነሣ ሰው ነው አልኳት። እሱ የጻፈው ቁጥር አይሳሳትም አልኳት። አባየ፣ ያኔ እማየ ታማ ወንዛዬ ፍል ውኃ ሳለን ባለመምጣትህ ብዙ ዓመት ተቀይሜህ ነበር። እማየ ‘አባትሽ ሥራውን መተው አይችልም’ ስትለኝ እንኳ አልገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ።”

እኔም “እግዚአብሔር ይባርክሽ” ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አንተ ያልሽኝን ቃል መልሼ ማጣት ፈርቼ ዝም አልኩ።

አሁን እነሆ። ከኅዳር 14 እስከ መጋቢት 21 ቀን 2001 ዓ.ም. በመዝገቡ ላይ ያለው የሙቀት ቁጥር ሁሉ ከራሴ የወጣ ነው። መቶ ሃያ ስምንት ቀን ነው። ከእነዚህ ውስጥ በአንዱም ቀን ቴርሞሜትሩን ሄጄ አላነበብኩትም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ፤ ሰበብ አድርገሽ እንዳታነቢው ብቻ።

እናትሽ በጥቅምት ስትታመም ጎንደር ወስጃት ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። በመጨረሻ አንደኛው ወደ ጎን ጠርቶ “ከእንግዲህ ከቤተሰቧ ጋር ትረፍ” አለኝ። እሷ በር ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። “ምን አለህ?” አለችኝ። “ትድናለች አለኝ” አልኳት። ውሸቴ ከዚያ ጀመረ ብል ይቀለኛል። ላቀች ያኔ ቤቷ ወንዛዬ አጠገብ ስለነበር “እኔ ጋ ትምጣ፣ ፍል ውኃው ሕመሟን ያስታግስላታል” አለች። ኅዳር 12 ቀን አንቺን ከትምህርት ቤት አስቀርቼ አብረሻት ላክሁሽ። አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር። ሐሙሲት ድረስ ሸኘኋችሁና “በየሳምንቱ እመጣለሁ” ብዬ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን፣ ኅዳር 14፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ተነሥቼ ጫማዬን አደረግሁ። ጣቢያው ግቢ ውስጥ ካለችው ክፍሌ እስከ ቴርሞሜትሩ ነጭ ሣጥን ሃያ ስድስት እርምጃ ነው። በሩ ላይ ቆምኩ። ቆሜ ቆየሁና ጫማዬን አውልቄ ተመልሼ ተኛሁ። ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ ማስረዳት አልችልም። ሣጥኑን ከፍቼ ቁጥር ማንበብ፣ ቀኑን መጻፍ፣ ቀን እያለፈ መሆኑን በእጄ መፈረም መስሎ ታየኝ። የሚያልፈው ቀን ደግሞ የእሷ ነበር። “ነገ የሁለቱን ቀን አንድ ላይ እሞላዋለሁ” አልኩ። ነገም ያንኑ አልኩ።

ወሩ ሲያልቅ ሪፖርት መላክ ነበረብኝ። ያለፈውን ዓመት መዝገብ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ አልጋዬ ላይ እንዳለሁ፣ ከእሱ እያየሁ ጻፍኩ። በጋ ስለሆነ ዝናብ የለም፤ ለመዋሸት የተመቸ ወቅት ነበር። ግን እንዳለ መገልበጥ አሳፈረኝና ቀነስኩለት። ከመጨመር ይልቅ ለምን ቀነስኩ? በርዶኝ ነበር፣ እፀገነት። ፀሐይ ግቢውን ሞልታው፣ መንገደኛው ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሲያልፍ በመስኮት እያየሁ፣ እኔ በሁለት ብርድ ልብስ ውስጥ እንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ አምስት የነበረውን ሦስት፣ አራት የነበረውን አንድ አደረግሁት። በታኅሣሥ ከዜሮ በታች የጻፍኩባቸው ቀኖች አሉ። ያን ስጽፍ የሠራሁት ውሸት አይመስለኝም ነበር፤ እውነትም እንደዚያ ነበር የበረደኝ።

አንቺ በፀሐይ መድከም ያገኘሽው ብርድ ያ ነው።

እናትሽ መጋቢት 20 አረፈች። በማግሥቱ አምጥተን እዚህ ቀበርናት። መጋቢት 22 ጠዋት ለቀስተኛው ገና ግቢ ውስጥ ሳለ ወጥቼ ጣቢያ ሄድኩ። ቴርሞሜትሩን አነበብኩ፤ ስምንት ነጥብ ሁለት ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላለፈኝም። ሰዉ ታዲያ “ሚስቱን በቀበረ በማግሥቱ ሥራው ላይ ተገኘ” እያለ አወራ። በኋላም መሥሪያ ቤቱ መዝገባቸው ሳይቋረጥ ለቆዩ ጣቢያዎች የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ለእኔም ደረሰኝ። መስታወት አስገብተሽ ሳሎን የሰቀልሽው አንቺ ነሽ። በየቀኑ ከሥሩ ምሳዬን ስበላ ኖርኩ።

ከኅዳሩ ስልክሽ በኋላ ሁለት ወር ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አንዳንድ ቀን ራሴን አጽናናለሁ፤ “ጥናት ነው፣ ወረቀት ላይ ይቀራል፣ ማንን ይጎዳል?” እላለሁ። ያንን ያስተወኝ ሲሳይ ነው። ሲሳይን ታውቂዋለሽ፤ ከጣቢያው በላይ ገብስና ድንች የሚያርሰው፣ ልጅ ሳለሽ የባቄላ እሸት የሚያመጣልሽ። በጥር መጨረሻ ከጋፋት በሚመጣው የእግር መንገድ ላይ አገኘኝና ቆመን ተጨዋወትን።

“ጋሼ ዳኛቸው፣ የልጅዎ ጥናት እኮ እኛም ጋ ደረሰ” አለኝ።

“እንዴት?”

“መምህር ኤርምያስ ገበሬውን ሰብስቦ ነገረን። ፀሐይ የምትደክምበት ዓመት አለ፤ ከአምስት ስድስት ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ውርጭ ሊጠና ይችላልና በጊዜ ተዘጋጁ አለን። እኛም ተመካክረን ከላይኛው ማሳ ላይ ባቄላውን ልንተው ነው። አንዳንዱማ ባሕር ዛፍ ልትከልበት እያለ ነው።”

ቀጠለና እንዲህ አለኝ፦

“አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። በረደ የተባለው 2001 ነው አሉ። እኔ ያን ዓመት አዲስ ጎጆ ወጪ ነበርኩ፣ አልረሳውም። ያን ዓመት የከረመው ባቄላዬ አልተመታም፤ እስከ ታኅሣሥ አረንጓዴ ነበር። ለሚስቴ ስነግራት ‘መሣሪያው ካለ አንተ ነህ የተሳሳትከው’ አለችኝ። እኔም እንግዲህ ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። የእርስዎ መሣሪያ አይዋሽም።”

ይህን ያለኝ እየሳቀ ነው። በገዛ ዓይኑ ያየውን ባቄላ በእኔ የተነሣ ካደው። እኔም “ደህና ዋል” ብዬው ሄድኩ፤ በዚያም ቀን አልነገርኩትም። ቤት ገብቼ ግን መቀመጥ አልቻልኩም።

በማግሥቱ እትዬ ፈንታነሽ ጋ ሄድኩ። ጣቢያውን ለሃያ ዓመት ሲያጸዱና ሲጠብቁ የኖሩት ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ አራት ዓመታቸው ነው። ደጃቸው ተቀምጠው ለዘር የሚሆን ድንች ይመርጡ ነበር። ለምን እሳቸው ጋ እንደሄድኩ እንጃ። ምናልባት ከሰው ሁሉ በፊት ለእሳቸው መናገር ቀሎኝ ይሆናል።

“እትዬ ፈንታነሽ፣ የሺሃረግ የሞተችበትን ዓመት ያስታውሱታል?”

“እንዴት አላስታውሰው!”

“ያን በጋ እኔ ሥራ አልሠራሁም። የጻፍኩት ሁሉ ውሸት ነበር።”

ከእጃቸው ድንቹን ሳያስቀምጡ “አውቃለሁ” አሉኝ።

“ያውቃሉ?”

“ግቢውን የምጠርገው እኔ አይደለሁ? ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ነጭ ሣጥን በሚወስደው ሣር ላይ ጤዛው እንዳለ ነበር። የሰው እግር አልረገጠውም።”

“ታዲያ ለምን ለማንም አልነገሩ?”

“ለማን ብዬ? ሰው ታሞ ተኝቶ!” አሉና ቆጣ አሉ። ከዚያ ትንሽ አፈር እንደማለት ብለው “እኔን ያስፈራኝ ያ መስታወት ነበር” አሉኝ።

መስታወት ያሉት የፀሐይ ሰዓት መመዝገቢያውን ነው። ልጅ ሆነሽ እጅሽን ልታሳርፊበት ስትዪ የተቆጣሁሽ፣ ያ እንደ ብርቱካን ያለ የብርጭቆ ኳስ። ፀሐይ በውስጡ አልፋ ከኋላው ያለውን ካርድ እያቃጠለች መስመር ትሠራለች፤ ደመና ሲመጣ ቃጠሎው ይቋረጣል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ካርዱ ይለወጣል። እኔ ያን በጋ እሱንም ትቼው ነበር፤ የፀሐዩንም ሰዓት ከራሴ ነበር የጻፍኩት።

“እርስዎ ተኝተው፣ እሱ ያለ ወረቀት ሲውል ፀሐዩን ሰብስቦ ሣሩን ያነደዋል ብዬ ፈራሁ” አሉኝ። “በጋ ነው፣ ሁሉ ደርቋል። የቁምሳጥኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነበር። ስለዚህ እርስዎ ሲያደርጉ እንዳየሁት ማታ ማታ አሮጌውን አውጥቼ አዲስ አስገባለሁ።”

መስታወቱ የተቀመጠው ብረት ላይ ነው፤ ሣሩ አይነድም ነበር። አልነገርኳቸውም።

“አሮጌዎቹንስ ምን አደረጓቸው?”

ተነሥተው ገቡ። ያን የላክሁልሽን የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ወጡ። “የመንግሥት ዕቃ ነው፣ መጣሉ ከበደኝ። ለእርስዎ ልሰጥ ስል ደግሞ እንዳየሁብዎ ያውቃሉ ብዬ ተሳቀቅሁ። እንዲሁ እንዳለ ቀረ” አሉኝ።

እትዬ ፈንታነሽ መጻፍ አይችሉም። ግን ካርዶቹን በተራቸው ደርድረው፣ ከእሑድ እስከ እሑድ ያለውን አንድ ላይ በክር አስረውታል። ደጃቸው ላይ ተቀምጬ ቆጠርኩት። መቶ ሃያ ሰባት ነው። አንድ ቀን ይጎድላል። “የቱ ነው?” ብላቸው፣ “የቀብሩ ዕለት ነዋ፣ እኔም እኮ እዚያ ነበርኩ” አሉኝ። በልጆቻቸው ፊት አለቀስኩ።

አሁን ካርዶቹን ታያቸዋለሽ። ከእኔ ይልቅ አንቺ ታነቢያቸዋለሽ፤ እኔ ያየሁትን ግን ልንገርሽ። ከታኅሣሥ 18 እስከ 22 ያሉት አምስቱ ቃጠሏቸው የተቆራረጠ ነው፤ ደመና ነበር ማለት ነው። ደመና ያደረበት ሌሊት ደግሞ እንደዚያ እንደማይበርድ አንቺም እኔም እናውቃለን። ከዜሮ በታች የጻፍኩት በእነዚያው ቀኖች ነው። ከዚያ ውጪ ያሉት አብዛኞቹ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ወጥ ጥቁር መስመር ናቸው። ደከመች ያልሻት ፀሐይ ካርዱን እንደ ሌላው ዓመት ሁሉ በልታዋለች። ከሺህ አንዷ መጉደሏ በዚህ ዕቃ አይታወቅም፤ ሌሊቱ ስንት ዲግሪ እንደነበረም ካርዱ አይነግርሽም። የሙቀቱ ነገር ጠፍቶ ቀርቷል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ማንም ሊመልሰው አይችልም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ደግሞ ስሚኝ። የቀኖቹን ዝርዝር ጽፌ፣ ፈርሜ ለመሥሪያ ቤቱ ሰጠሁ። ኃላፊው ወጣት ነው፤ አንብቦት ደነገጠና “ጋሼ፣ ጡረታዎ ሰኔ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የተኛ ነገር ምን ያስነሣዎታል?” አለኝ። “ልጄ እየሠራችበት ነው” አልኩት። አሁን በእነዚያ ቀኖች አንጻር “መረጃ የለም” ተብሎ ተጽፏል። ስለ እኔ የሚወሰነው ገና አልተነገረኝም። የምስክር ወረቀቱንም አውርጄ መለስኩላቸው።

ኤርምያስም ይህን ያውቃል። በመጀመሪያ ክፉኛ ተናደደብኝ፤ ልክ ነው። ከመሄዱ በፊት ገበሬዎቹን መልሶ ሰብስቦ የተናገረውን እንዲያርም ለመንኩት፤ አደረገው። እኔም አብሬው ሄጄ ፊታቸው ቆሜ የሠራሁትን ተናገርኩ። ስጨርስ ሲሳይ ከኋላ ተነሥቶ “እኛ እኮ ለልጆቻችን እንደ ጋሼ ዳኛቸው ጠንቃቃ ሁኑ ነበር የምንላቸው” አለ። ሲወጡ አብዛኞቹ እጄን ጨብጠውኝ ሄዱ፤ እሱ ግን በሌላው በር ወጣ።

አንድ ልመና አለኝ። ፕሮፌሰርሽ ጋ ሄደሽ “ጣቢያው ትክክል አልነበረም” ብለሽ ቁጥሮቹን በዝምታ እንዳትሰርዢ። ለእኔ አዝነሽ እንደዚያ ልታደርጊ እንደምትችዪ አውቃለሁ። ለምን እንደወጡ ጻፊው። ተመልካቹ ሳያነብ ነበር የጻፈው በይ፤ ስሜንም ጥሪ። አንቺ ራስሽ ነግረሽኛል፤ ከአርባ ዓመት ወዲህ ፀሐይ አልበረታችም፣ ምድር ግን እየሞቀች ነው። ይህን ጥፋት ሰው ከሚያወጣው ጭስ ላይ አንሥተው ፀሐይ ላይ መጫን የሚሹ ሰዎች አሉ ብለሽኛል። እነዚያ ሰዎች አንድ ቀን መዝገቤን አግኝተው “ደጋውን የምትገዛው ፀሐይ ናት፣ ማስረጃው ይኸው” እንዳይሉ። የሦስት ዓመት ድካምሽን ምን ያህሉን እንዳፈረስኩብሽ አላውቅም። ኤርምያስ “ሌሎቹ ጣቢያዎች አሉላት፣ ትንሽ ውጤትም ውጤት ነው” ብሎኛል። እሱ ያለው እውነት ይሁን እያልኩ እጸልያለሁ።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር። ብዕሬን አስቀምጬ ውኃ ጠጥቼ ተመለስኩ። አንድ የቀረ ነገር አለ።

ወንዛዬ አንድ ቀን መጥቼ ነበር። ማንም አያውቅም። ጥር 23 ቀን ነው። በጠዋት ተነሥቼ ሐሙሲት ወረድኩ፣ ከዚያ በሌላ መኪና ሄጄ የቀረውን በእግሬ ተጓዝኩ። ወደ ፍል ውኃው በሚወርደው ቁልቁለት አናት ላይ ስደርስ ከታች አየኋችሁ። እናትሽን በክንድሽ ደግፈሽ ከውኃው እያወጣሻት ነበር። አንድ ፍሬ ልጅ፣ ሙሉ ሰው ተሸክመሽ። ድንጋይ ላይ አስቀመጥሻትና በነጠላ ጫፍ ፀጉሯን ማድረቅ ጀመርሽ። ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ስለነበር አላየሽኝም።

እሷ ግን ቀና አለች፤ አየችኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። እጇን እንኳ አላነሣችም፤ አልጠራችኝም። እኔም ዞርኩና የመጣሁበትን መንገድ ተመለስኩ።

በዚያው እሑድ ላቀች ደወለች። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ነበር። “የሺሃረግ ዛሬ ምን አለች መሰለህ?” አለችኝ። “እፀገነት ‘አባየ ለምን አይመጣም?’ ብላ ስታለቅስ፣ ‘አባትሽ ሥራውን መተው አይችልም፤ እሱ አንድ ቀን ከቀረ የአገሩ መዝገብ ይጎድላል’ አለቻት። ሥራህ ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን እኔም ዛሬ ነው የሰማሁ።”

ልጄ፣ ለፕሮፌሰርሽ የነገርሻት ቃል የእናትሽ ነው። እያየችኝ ዞሬ እንደሄድኩ እያወቀች፣ አንቺ የምታከብሪው አባት እንዲኖርሽ ብላ ነው የተናገረችው። እኔም በዚያ ቃሏ ውስጥ ገብቼ አሥራ ስድስት ዓመት ኖርኩበት።

ከእንግዲህ እርስዎም በዪኝ፣ ምንም ሳትዪኝም ቅሪ፤ እቀበለዋለሁ። ብትደውዪ ግን ስለ ላቀች ዓይን አላወራም።

የእናትሽ አምላክ በሰው አገር ከክፉ ይሸፍንሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ሥራሽን የእውነት ያድርግልሽ። እናትሽን ደግፈሽ ያወጣሽበት ክንድሽ አይዛል።

አባትሽ
ዳኛቸው